ሦስት መቶ ግራም

እኔ የምሠራው ቃሊቲ ነው፣ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ፤
ሲሚንቶ ሲመጣ፣ ብረት ሲመጣ፣ ተሳቢ ሲንቀጠቀጥ ሳይ
ቁጥር አነባለሁ፣ ቁጥር እጽፋለሁ፤
ትርፍ የጫነውን «ዳር ያዝ» እላለሁ።

ደቻሳን ያወቅሁት ከሚዛኑ ጀርባ፣
ከጋራዡ አልፎ፣ በቆርቆሮው ግባ፣
ጋሽ ሽብሩ ቡጢ የሚያስተምሩበት፤
የማዳበሪያ ጆንያ፣ አሸዋና ሰጋቱራ ሞልተውበት፣
ከጣሪያው ብረት ተንጠልጥሎ፣
ስንደበድበው ይውል ነበር፣ ዝም ብሎ።

ሁለት ጥንድ ጓንት ለስምንት ሰው፤
ያንዱ ላብ ሳይደርቅ ሌላው የሚያጠልቀው፤
የማን እጅ እንደመታህ ለመለየት ያስቸግራል።
አፍንጫዬን ግን የሰበረው የደቻሳ ግራ ነው፤ ይኸው፣ እስከዛሬ ወደ ግራ ያያል።

ኪሎ መጠበቅ ለሌላው ጾም ነው፤
ለደቻሳ ግን ኑሮው ነው።
ሃምሳ አንድ ኪሎ። ከዚያ አልፎ አያውቅም፤
ልለፍ ቢል ከየት አምጥቶ? ጠዋት ዳቦ፣ ማታ ሽሮ፣ መሀሉ ላይ ምንም።
«የሌላ አገር ቡጢኛ
ሐኪም ይመደብለታል፣ የምግብ ዳኛ፤
የኔን ልጅ የወር መጨረሻ ይጠብቅልኛል»
ይላሉ ጋሽ ሽብሩ፤ ብለውም ከኪሳቸው የተቀቀለ እንቁላል ያወጡለታል።

ከዚያ ተመረጠ። የዓለም አማተሮች ሻምፒዮና!
ባለ ጎሚስታው ሳይቀር ከጉድጓዱ ወጣና
መቶ ብር ሰጠው፤ ግሪስ የነካው ነበር።
እኔ ሻንጣ አዋስኩት፤ ዚፑን በሲባጎ አስሬው ነበር።

ሐሙስ ማታ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ።
«ተሸነፍክ?» አልኩት። «አልተመታሁም» አለ።
«አሸነፍክ?» ዝም። በዝምታው መሀል
የማላውቀው ቋንቋ፣ የሳህን ኳኳታ ይሰማኛል።

ከተመለሰ በኋላ ነው የነገረኝ፣ ተሳቢ ስንጠብቅ፦

«ሆቴሉ ውስጥ ቁርስ ነፃ ነው። ነፃ! የሚጠይቅህ የለም፤
ብትደግም፣ ብትሠልስ፣ የሚገላምጥህ የለም።
እንቁላሉ ተራራ፤ ቅቤው በወርቅ ወረቀት፤
ስሙን የማላውቀው ፍሬ፤ አራት ዓይነት ዳቦ፣ ሦስት ዓይነት ወተት።
የመጀመሪያ ቀን ጨክኜ ሻይ ብቻ ጠጣሁ፤
በማግስቱ አንድ ቁራሽ፤ ‹ይቺ ምን ታደርጋለች?› አልኩ፤ ሌላ አመጣሁ።
እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው፤ ጋሽ ሽብሩ ለቡጢ ነው ያሠለጠኑት፤
‹በቃህ› የሚባለውን፣ ጠግቦ ስለማያውቅ፣ አላስተማሩት።

ጠዋት ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሃምሳ አንድ፣ ነጥብ ሦስት።
አንድ ሰዓት ሰጡኝ። ሮጥኩ፣ ተፋሁ፣ ፀጉሬን ላጨሁት፤
ራቁቴን በፎጣ ተከልዬ ቆምኩ፤
ክር ምን ይመዝናል? ማተቤን ፈታሁ።
መዛኙ ሽማግሌ መነጽሩን ጠረገና
ራሱን ነቀነቀ፣ እንደ ለቀስተኛ፣ በትህትና።
ተጋጣሚዬ የኡዝቤክ ልጅ ነበር፣ ከንፈሩ በጥም የተሰነጠቀ፤
ማታ ባዶ ሪንግ ውስጥ እጁን አነሡለት፤ ሲወርድ አየኝ፤ ጨበጠኝና ራቀ።»

ጋሽ ሽብሩ አልተቆጡም፤ አንድ ቃል አልወጣቸውም።
እንቁላል ግን ከዚያ ወዲህ በኪሳቸው አይዙም።

ሰፈሩ «ሆዱ ጣለው» ይላል፤ ልጆች ዳቦ እያሳዩት ይስቃሉ።
እኔ በሚዛን ደረሰኝ ጀርባ ግጥም እሞክራለሁ፤ ‹ቤት መምታት› ነው አሉ፤
እስካሁን ከመታሁት ቤት አንድም አልወደቀልኝ፤
የደቻሳን ስጀምር ደግሞ እጄ ከበደኝ።

ትናንት ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ መንገዱ ጭር እንዳለ፣
ከአቃቂ ወንዝ በኩል ሽታ ያዘለ ነፋስ እየዋለለ፣
«ውጣ» አልኩት፣ «ሚዛኔ ላይ»። ሳቀ። ወጣ፣
ከነጫማው፣ ከነጃኬቱ፣ ስድሳ ቶን በሚሸከም ብረት ላይ፣ እንደ ጣት ቀጥ ብሎ፣ እንደ ጠፋ ዕጣ።
የኔ ሚዛን ትንሽ ነገር አያውቅም፤
በሃምሳ በሃምሳ ነው የሚቆጥረው፤ ግራም አይለቅምም።
ቀዩ ቁጥር ዋለለ፣ ዋለለና ቆመ፤ ሃምሳ።
በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ ጮህኩ፦
«አለፍክ፣ ደቻሳ!»

ከኋላው ሲኖትራክ መጣ፣ ትልቁን መብራት ለቀቀበት፤
ጥሩንባ ነፋ። ደቻሳ አልወረደም፤
እጆቹን ወደ አገጩ ሰብስቦ፣ ጋርድ ያዘበት።